ለቁዳው የተመረጠው ዘይት

መንጋው ከተራራው ግጦሽ ወደ መንደር በሚወርድበት ሰሞን መንደራችን አትባሺ ሁለት ነገር ትሸት ነበር፤ የኩበት ጭስና የካምቢዮ ዘይት። ድንቹ ተቆፍሮ ጓዳ ገብቷል፣ ድርቆሹ ጣሪያ ላይ ተከምሯል፣ ጠዋት ጠዋት የባልዲው ውሃ ስስ በረዶ ይጋግራል፤ ሰዉ ግን ገና ካፖርቱን ከሳጥን አላወጣም። ልብን ቀለል፣ እጅን ቀዝቀዝ የሚያደርግ ወቅት ነበር። ያን ጊዜ በየግቢው ስታልፍ ከወንዱ የምታየው እግሩን ብቻ ነው፤ ሌላው አካሉ መኪና ስር ነው። ወፍራሙ ዘይት ወጥቶ ለብርዱ የሚሆነው ቀጭኑ ካልገባ፣ ጥር ሲመጣ የማርሹ ዘንግ እንደ ድንኳን ካስማ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ሰንፎ ያልቀየረ ሰው ጠዋት በመጥበሻ ፍም ይዞ መኪናው ስር እየገባ፣ ካምቢዮውን እንደ ታመመ በግ ሲያሞቅ ያረፍዳል። እኛ ሴቶቹም ከአጥር ማዶ ሆነን እንስቅበታለን።

በዚያ ሰሞን የሳታርቁል በር ተዘግቶ አያውቅም ነበር።

ሳታርቁል የመንግሥት እርሻው ከመበተኑ በፊት የጋራዡ ሰው ነበር። እርሻው ሲበተን ላሙንም ትራክተሩንም ተከፋፈሉት፤ የጋራዡን ቆርቆሮ ሳይቀር ነቅለው ወሰዱት። ለሳታርቁል አንዲት ቢጫ ዢጉሊ መኪናና የገዛ አፍንጫው ደረሱት እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እውነትም አፍንጫው እንደ ሀብት ነበር። ሰው ከገበያ ዘይት ገዝቶ ሲመለስ ቤቱ ከመግባቱ በፊት እሱ ዘንድ ጎራ ይላል።

"ባይኬ፣ እስኪ እይልኝ" ይለዋል። ታላቅ ወንድም ሆይ እንደ ማለት ነው።

ሳታርቁል አንዲት ጠብታ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ያኖርና በሌባ ጣቱ ያሻታል። ዐይኑን ጨፍኖ ያሸታል። ከዚያ ጠርሙሱን ወንዝ ዳር ወስዶ ውሃው ውስጥ ያቆየውና፣ ዘንበል አድርጎ አወራረዱን ያያል። ገበያ ውስጥ ሲታይ የዘይት ነጋዴዎች እርስ በርስ ይጠቃቀሳሉ። አንድ ጊዜ አንዱን እፊቱ አሽትቶ፣

"ይሄ ዘይት ትናንት የሌላ ሰው መኪና ውስጥ ነበር" አለው።

"ኧረ ባይኬ፣ ስሜን አታጥፋ! ከፋብሪካ የወጣ ነው።"

"መውጣቱንስ ወጥቷል፤ ከወጣ ወዲህ ግን ጎልማሳ ሆኗል። በል አንሣውና ሚስትህ የበር ማጠፊያ ትቀባበት።"

የእሱ ሕግ አንዲት ነበረች፤ ጥሩ የካምቢዮ ዘይት ይገማል። የተበላሸ እንቁላልና ያረረ ነጭ ሽንኩርት አንድ ላይ ካልሸተተው፣ ወይ ተበርዟል ወይ ሌባ ነክቶታል ይል ነበር። በዚያ ዘመን ይህ እውነት ነበር። የሚያጭበረብሩት ሁሉ ናፍጣና ያገለገለ ዘይት እየቀላቀሉ ስለነበር፣ ያልተነካው ዘይት በጠረኑ ይለያል። እሱም ዕድሜውን ሙሉ በዚህች ሕግ ሲሄድ አንድም ቀን አላሳፈረችው።

ልጁ ዙራ ተራራውን ተሻግራ ቆችኮር ነበር የተዳረችው። ልጅ የተሰጣጡ አባቶች "ቁዳ" ይባባላሉ። ቁዳ ከወንድም በላይ ይከበራል፣ ከወንድምም በላይ ይፈራል። ቁዳ አንድ በግ ቢሰጥህ ሁለት ካልመለስክ ነውር ነው፤ ሁለት ስትመልስ ደግሞ እሱ ፈረስ ይፈልጋል። እንዲህ በግና ብርድ ልብስ ሲለዋወጡ ተያይዘው የደኸዩ ቤቶች አውቃለሁ።

የሳታርቁል ቁዳ ኦሮዛሊ ይባላል። ረጅም፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። ከጀርመን አገር አሮጌ ሆና የመጣች ሰማያዊ መኪና ነበረችው፤ በእሷ ከቆችኮር ወደ ዋና ከተማው ቢሽኬክ ሰው እያመላለሰ ቤቱን ያስተዳድራል። ልጁ ታላይ፣ ማለትም የዙራ ባል፣ አባቱ ሲደክመው መሪውን ይቀበለዋል። ቀስ በቀስ ሥራውን ሊወርስ ነበር ሐሳቡ።

በዚያ መኸር ኦሮዛሊ ሚስቱን ቡሩልቻን፣ ልጁንና ዙራን ይዞ አትባሺ መጣ። ሳታርቁል በግ አረደ፣ ጥሩ ጥሩው ምንጣፍ ሁሉ ወጣ። በነጋታው ኦሮዛሊ ቁዳውን ጋቢና አስቀምጦ መንደሩን ሲያዞረው፣ ሳታርቁል ማርሹ ሲገባ ጠንከር እንደሚል አስተዋለ።

"ቁዳ፣ ጠዋት ጠዋት አያስቸግርዎትም?"

"እስኪሞቅ ትንሽ ያስቸግራል። ዕድሜ ነው እንግዲህ፣ የእሷም የእኔም።"

ሳታርቁል ሳቀ። በሆዱ ግን ያዛት። እሁድ ማለዳ ሁሉም ተኝተው ሳሉ ገበያ ወረደ።

ዘይት ሻጯ ከጨርቅ ድንኳኗ ስር ሁለት መንታ ጠርሙሶች አወጣችለት። መጠናቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ፣ ለብርድ የሚሆን ቅጥነታቸውም አንድ ነው። ልዩነታቸው አንደኛው ላይ አራት ቁጥር፣ ሌላኛው ላይ አምስት ቁጥር መጻፉ ነበር። ከቁጥሩ ስር በባዕድ ቋንቋ የተጻፉ ጉንዳን የሚያካክሉ ፊደሎች አሉ።

"የትኛው ነው የሚሻለው?" አላት ሳታርቁል።

"እኔን ነው የምትጠይቀኝ ባይኬ? ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች! እኔ ዘይት የማውቀው ሊጥ ስጠብስበት ብቻ ነው።"

"አይ፣ ቁጥሩ ግራ ገብቶኝ ነው።"

"ትምህርት ቤት አልገባህም እንዴ? አምስት ምን ነበር?"

አምስትማ አምስት ነው። እኛ ስንማር ከውጤት ሁሉ የሚበልጠው አምስት ነበር። አምስት ያመጣ ልጅ ስሙ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ አራት ያመጣው "ደህና ነው" ይባላል፤ ሦስት ይዞ የገባ እናቱ ታሳየዋለች። ኮኛኩም ቢሆን ለሠርግ የሚወጣው ባለ አምስት ኮከቡ ነበር። እንዲህ ተደርጎ ያደገ ሰው አራትና አምስትን አጠገብ ለአጠገብ አይቶ ሌላ ምን ያስባል?

ደግሞ አሸተታቸው። አራቱ ለስለስ ያለ ነው፣ እንዲያው ከሩቅ የሚሸት። አምስቱ ሲከፈት ግንባሩን መታው፤ ዐይኑ እንባ አቀረረ። ዢጉሊው ውስጥ ከዓመት ዓመት የሚያፈሰው ዘይትም እንዲሁ ይገማል፤ ዢጉሊው ደግሞ አንድ ቀን አጉረምርሞ አያውቅም።

"አራቱን ለጎረቤት ሽጪው" አላት ሻጯን። "ለቁዳዬ አራት ልሰጠው ነው? ነውር ነው!"

ቤት ሲመለስ ወንዶቹ ፈረሶቹን ለማየት ወደ ላይ ሊወጡ ይዘጋጁ ነበር። ሳታርቁል ወገቤን አለና ቀረ። ከግቢው እንደ ራቁ ክሪኩን አምጥቶ ሰማያዊዋን መኪና አነሣት፣ ስሯ ገባ፣ የካምቢዮዋን ቡሎን ፈታ። የወጣው ዘይት ገርጣ ያለ፣ ሽታው እዚህ ግባ የማይባል ነበር። "ቁዳዬን ሲያታልሉት ኖረዋል" አለ ለራሱ፣ ከልቡ አዘነለት። አዲሱን በትልቁ ሲሪንጅ እየሳበ፣ በጎኗ ቀዳዳ እስኪተርፍ ድረስ ሞላላት።

ሚስቱ አጃርካን በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር።

"ለማንም እንዳትናገሪ" አላት ከመኪናው ስር ሆኖ። "ቁዳ ከሰማ በማግስቱ በግ እየጎተተ ይመጣል።"

"ቢመጣ ምን ቸገረህ?"

"ከዚያ ደግሞ እኛ መመለስ አለብን።"

"እሱስ እውነት ነው" አለች አጃርካን። "አንድ ብርድ ልብስ ነው የቀረኝ፤ አልናገርም።"

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ተሰወረ። በተንኮል አልነበረም፤ ስጦታ መልስ እንዳያስከትል ነው።

ምሳ ሲቀርብ እጅ የምታስታጥበው ዙራ ነበረች። አባቷ ዘንድ ስትደርስ ውሃውን እያፈሰሰች አፍንጫዋን ጨበጥ ጨበጥ አደረገች። ያ ሽታ በአንድ ሳሙና የሚለቅ አይደለም።

"አታ፣ ሳሙናው አልበቃዎትም" አለችው በሹክሹክታ፤ አታ አባባ ማለት ነው።

ሳታርቁል ጠቀሳት። እሷም ወደ ግቢው፣ ወደ መኪናዋ አየት አድርጋ ገባት። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። አባትና ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ አብረው የተደሰቱት ያን ቀን ይመስለኛል።

ኦሮዛሊ አገሩ ከገባ በኋላ ስልክ ደወለ። "ቁዳ፣ የአትባሺ አየር መኪናዬን አደሳት! ማርሿ እንደ ቅቤ ሆነ!" ሳታርቁል ስልኩን ዘግቶ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ። ለሰው አይናገረው ነገር፣ ዝም አይለው ነገር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ምን አግኝቶ ነው እንዲህ የሚፈግገው እስኪል ድረስ ፈገገ።

ብርዱ ሳይለቅ ነው ወሬው የተለወጠው። ኦሮዛሊ ወደ እኛ ወገን ሰው ሊያደርስ ሲመጣ ዶሎን ተራራ ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሲመልስ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ሰማ። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ሁለተኛው አልገባ አለ፤ ገፍተህ ስታስገባውም ተመልሶ ይተፋል። ዳገት ላይ ሰው ጭኖ ሁለተኛ ማርሽ ያጣ መኪና ምን እንደሚሆን ሹፌር የሆነ ያውቃል። ተሳፋሪዎቹ እየጮኹ ወረዱ፤ መኪናዋ ተጎትታ ገባች። ለዚህ ተጠያቂ ተፈለገ። መኪናዋን ከኦሮዛሊ ሌላ የሚነካት ታላይ ብቻ ነው።

"ፍሪሲዮን ሳትረግጥ ማርሽ ትወረውራለህ!" አለው አባቱ ጎረቤት እየሰማ። "ይሄ እጅህ አካፋ እንጂ መሪ የሚይዝ አይደለም።"

ቁልፉን ቀማው። ቤቱ ገቢ ስላጣም የሰው መንጋ እንዲጠብቅ ወደ ተራራው ላከው። ዙራ እርጉዝ ሆና ከአማቷ ጋር ቀረች፤ "ባልሽ ቤታችንን አፈረሰው" እየተባለች።

ዙራ ለእናቷ ስልክ ስትደውል ይህን ሁሉ ተናገረች። ስለ ዘይቱ ግን ትንፍሽ አላለችም። ልትዘጋ ስትል ብቻ፣

"የአታ እጅ ደህና ነው?" አለች።

"እጁ? ምን ሆነ ብለሽ ነው?" አለች አጃርካን።

"እንዲያው ነው እማ። እንዲያው ጠየቅኩ።"

ሳታርቁል አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሣና ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ያኔ እንኳ በእርግጠኝነት አላወቀም ነበር። ጠረጠረ እንጂ አላወቀም። ያወቀው ኦሮዛሊ ራሱ ሲጠራው ነው። "ቁዳ፣ ካምቢዮዋን ልናስፈታት ነው። እንደ እርስዎ ያለ አፍንጫ አጠገቤ ቢኖር ደስ ይለኛል" ብሎ ላከበት። ቁዳ ጠርቶ እንዴት ይቀራል? ሄደ።

መካኒኩ ሻርሼን ይባላል፤ ሲሠራ አፉም እጁም የማያርፍ ሰው ነው። ካምቢዮዋን ከስር ከፈተና ዘይቱን ሳህን ላይ አወረደው። ሦስቱም ጎንበስ አሉ። ዘይቱ ውስጥ ወርቅ የመሰለ ብናኝ እየተንሳፈፈ በመስኮቱ ብርሃን ያብለጨልጫል።

"እንኳን ደስ ያለህ ኦሮዛሊ ባይኬ፣ ወርቅ አወጣህ!" አለ ሻርሼን። "ሚስትህ ጥርስ ታሠራበት።"

"ምንድን ነው?" አለ ኦሮዛሊ፤ አልሳቀም።

"ነሐስ ነው። ማርሾቹን የሚያስማሙ የነሐስ ቀለበቶች አሉ አይደል? እነሱ ተበልተዋል። የበላቸው ዘይቱ ነው።" ጣቱን ነክሮ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ። "ባለ አምስቱን ነው ያፈሰሱባት! የትኛው አህያ ነው እባክህ? ባለ አምስቱ ለኋላው ዲፈረንሻል የሚሆን ነው። በዢጉሊ ካምቢዮም ይሄዳል። የዚች ካምቢዮ ግን ባለ አራቱን ነው የሚፈልገው።"

"አምስት አይሻልም እንዴ?" አለ ኦሮዛሊ።

"ሁሉም እንደዚያ ይላል! ውጤት እኮ አይደለም ባይኬ። ሥራቸው ነው የተለያየው። ቦት ጫማ ከኮፍያ ይከብዳል ብለህ ራስህ ላይ ታደርገዋለህ?"

ሳታርቁል ማሽተት አላስፈለገውም ነበር። ሳህኑ ሳይሞላ ሽታው ደርሶታል። ያ ግንባር የሚመታ፣ "ንጹሕ ነው" ብሎ የመረጠው፣ በገዛ እጁ እስኪተርፍ የሞላው ዘይት ነው። ጆሮው ድረስ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"ማን አፈሰሰው?" አለ ሻርሼን።

"ማን ይነካታል፣ ያው ልጄ ነው" አለ ኦሮዛሊ። "ርካሽ አግኝቶ ይሆናል። አልተናገረም። ያኔ ስጠይቀውም ጭራሽ ዘይትም ምንም አልነካሁም ብሎ ዓይኔ እያየ ካደኝ።" ከዚያ ወደ ሳታርቁል ዞረ። "ቁዳ፣ እስኪ እርስዎም ያሽቱልኝ፤ ሻርሼን እውነቱን ነው?"

ሳታርቁል ጎንበስ አለ። አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው፤ እኔ ነኝ የምትል። ምላሱ ላይ መጣች። ግን እሱ ታላቁ አፍንጫ፣ ገበያው ሁሉ የሚፈራው ሰው፣ በቁዳው ፊት፣ በዚህ ተሳዳቢ መካኒክ ፊት እንዴት አህያ ይሁን?

"ዘይቱ ልክ አይደለም" አለ። ድምፁ የእሱ አልመሰለውም።

"አላልኩህም?" አለ ሻርሼን።

ወደ አትባሺ ሲመለስ ዶሎን ላይ መኪናውን አቁሞ ወረደና በረዶ አፍሶ እጁን አሸ። ቆዳው እስኪቀላ አሸው። እጁ ላይ ምንም አልነበረም። ለአጃርካን ሁሉንም የነገራት ግን ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ጠርሙስ ይዞ ሲመጣ፣ "ጉንፋን ይዞኛል፣ አይሸተኝም" ማለት ጀመረ። ሐምሌ ገባ፣ ንብ የሜዳው አበባ ላይ ይንጫጫል፣ እሱ ጉንፋን ይዞኛል ይላል። እኛም ሰማን፣ ገረመን፤ ዕድሜ ነው አልን። አጃርካን ግን አልለቀቀችውም።

"ሂድና ተናገር" ትለዋለች።

"ተናግሬስ? ዙራን 'የአህያው ልጅ' ይሏታል።"

"አሁንስ ምን እያሏት ይመስልሃል?"

"ትንሽ ይቆይ። ሰው ሁሉን ይረሳል።"

"ታላይ ተራራ ላይ ሆኖ ይረሳዋል? አንተ የሌላ ሰው ልጅ መልካም ስም ይዘህ ነው የተቀመጥከው ሳታርቁል፤ የቀን ጉዳይ አይደለም።"

ወጥቶ ዢጉሊው ውስጥ ይቀመጣል፣ የማርሹን ዘንግ ይይዛል፣ ሞተሩን ሳያስነሣ ወደ ሁለተኛ ያስገባዋል፣ ያወጣዋል። ይገባል። ያለ አንዳች ድምፅ ይገባል።

ዙራ ወንድ ልጅ ወለደች። ሕፃኑ መጀመሪያ ወደ እንጨት አልጋው የሚገባበት ቀን ድግስ ሆኖ፣ ኦሮዛሊ ቁዳዎቹን ጠራ። ሳታርቁልና አጃርካን ዢጉሊዋን ጭነው፣ የመጨረሻዋንም ብርድ ልብስ ይዘው ሄዱ። ሰማያዊዋ መኪና ግቢው ጥግ ነበረች፤ አራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ዶሮ ጣሪያዋ ላይ ሰፍሮ። ለጥገናዋ የሚሆን ገንዘብ ገና አልተገኘም ነበር። ታላይ ከተራራው ወርዶ ነበር። ፊቱን ፀሐይ ልጦታል፤ አማቱን ሲጨብጥ ቀና ብሎ አላየውም። የጥፋተኛ ሰው አጨባበጥ ነበር።

ዙራ እጅ ልታስታጥብ ማሰሮውን ይዛ መጣች። አባቷ ፊት ስትደርስ ውሃውን አፈሰሰች፣ ፎጣውን ሰጠችው፤ ዐይኗ ግን ከሳህኑ አልተነሣም። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። እንደ ማንኛውም እንግዳ አስታጥባው አለፈች። ሳታርቁልን የሰበረው ይህ ነው።

የበጉ ራስ በትልቅ ሳህን ሆኖ መጣና፣ እንደ ወጉ ከሁሉ የተከበረው እንግዳ ፊት ተቀመጠ። የተከበረው እንግዳ ማን ነው? ሳታርቁል ነዋ። ቢላዋውን አነሣ። ራስ የቀረበለት ሰው ጆሮውን ቆርጦ ለአንድ ወጣት ይሰጣል፤ ታላላቆችህን ስማ ማለት ነው። ሳታርቁል ጆሮውን ቆረጠና ምንጣፉን ተሻግሮ ወደ በሩ ግድም፣ ታላይ ወደ ተቀመጠበት ዘረጋው።

"ልክ ነው ቁዳ!" አለ ኦሮዛሊ ጭኑን እየመታ። "ይብላውና ይስማ! አባቱን አልሰማ ያለ ጆሮ ነው!"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ታላይ ጆሮውን በሁለት እጁ ተቀብሎ አንገቱን ደፋ።

"አይደለም" አለ ሳታርቁል። ሳቁ ስላላለቀ ማንም አልሰማውም። ቢላዋውን ሳህኑ ላይ ጣለው፤ በድምፁ ሁሉም ዞሩ። "አይደለም። እሱ አይደለም የሚሰማው። የሚሰማውስ ቁዳዬ ነው። ዘይቱን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። አምና እናንተ ፈረስ ልታዩ ስትወጡ፣ በገዛ እጄ ቀየርኩት። አምስት ይበልጣል ብዬ ነው። ለእርስዎ አራት ነውር መስሎኝ ነው። መካኒኩ ፊት ሲጠይቁኝም አውቄ ዝም አልኩ። ልጁ እጁ የለበትም።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን አጃርካን ለእኛ ስትነግረን እንኳ ድምፅዋን ትቀንስ ነበር። ከሾርባው ላይ እንፋሎቱ ይወጣል። ሕፃኑ አልጋው ውስጥ አንዴ አስነጠሰ። መጀመሪያ የተናገረው ታላይ ነው፤ የበጉን ጆሮ እንደያዘ።

"እኔ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር እኮ" አለ። "በጎቹን እየጠበቅኩ እጄን አየዋለሁ። የቱ ቀን ይሆን ፍሪሲዮኑን ያልረገጥኩት እላለሁ። አንድ ቀን እንኳ አስታውሼ ነበር። ያልነበረ ቀን አስታወስኩ።"

ሳታርቁል ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ይህን አልጠበቀም።

ኦሮዛሊ ተነሥቶ ወጣ። ሴቶቹ ጅራፍ ሊያመጣ ነው ብለው ሰጉ። በመስኮት ሲያዩት ሰማያዊዋ መኪና አጠገብ ቆሟል፤ ዶሮዋን ከጣሪያዋ ላይ በቀስታ አወረዳት። ቆይቶ ተመለሰ። ወደ ሳታርቁል አላየም። ልጁ ፊት ተቀመጠ።

"ለምን አልተከራከርከኝም?" አለው።

"ተከራክሬ ነበር እኮ አታ።"

ኦሮዛሊም አንገቱን ደፋ። በዚያ ቤት ውስጥ ያን ሰዓት የሚያፍሩ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አንደኛው ሌላኛውን ሊያጽናና አልቻለም።

ቡሩልቻ ሻይ መቅዳት ጀመረች። በእኛ ወግ ሻይ ለእንግዳ በግማሽ ነው የሚቀዳው፤ ጠጣና አምጣ፣ ቶሎ አትሂድብን ማለት ነው። ጢም አድርገው የቀዱለት ሰው ኮፍያውን ይፈልግ። ሳታርቁል ጣባው ጢም ብሎ እንዲመጣለት በልቡ ለመነ፤ ቢመጣ ተነሥቶ ይሄዳል፣ ይገላገላል። ቡሩልቻ ቀዳችለት። ግማሽ ነበር። ጠጣው። ደግማ ግማሽ ቀዳችለት። ከዚያ ሻይ እሬት ቢያጠጡት ይሻለው ነበር።

ሊሄዱ ሲነሡ የዢጉሊዋን ቁልፍ አውጥቶ ምንጣፉ መሀል አስቀመጠው።

"የእናንተዋ እስክትጠገን ትሥራ። ታላይ ይንዳት።"

ኦሮዛሊ ቁልፉን አልነካውም። ግን ለልጁ አገጩን ወደ ቁልፉ አመለከተው፤ ታላይም አነሣው። ሳታርቁልና አጃርካን ድርቆሽ የጫነ መኪና ለምነው በእሱ ተመለሱ። ዶሎንን አለፉ። ቁልቁለቱ ሲጀምር አጃርካን፣

"ብርድ ልብሴንም ሰጠሁ፣ መኪናውንም ሰጠህ" አለች። "አሁን ምንም የሚመልሱልን ነገር አይኖራቸውም። ዕዳ የለብንም።"

"ሌላው አለ" አለ ሳታርቁል። "እሱ አይከፈልም።"

ሰማያዊዋ መኪና ከጊዜ በኋላ ተጠገነች፤ ባለ አራቱን ዘይት ሞልተው። ታላይ እስከ ዛሬ ሹፌር ነው፤ ጥሩ ሹፌር ነው ይሉታል፣ ማርሽ ሲያስገባ ግን ጆሮውን ያዘነብላል አሉ። ዙራ ልጆቿን ይዛ አትባሺ ትመጣ ነበር፣ የአባቷን እጅም ታስታጥብ ነበር። ኦሮዛሊ ክብሩን አላጓደለም፤ በበዓሉም በሐዘኑም "ቁዳ፣ ቁዳ" እያለ ጠራው። መቀለድ ግን ቀረ። "የአትባሺ አየር" የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም።

ሰው ከዚያም በኋላ ጠርሙስ ይዞ ይመጣ ነበር። ሳታርቁል ክዳኑን አይከፍተውም። "ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ አንብቡ" ይላል። "ማንበብ ካቃታችሁ የሚያነብ ፈልጉ። እኔ አላውቅም።" መንጋው በሚወርድበት ሰሞን የሁሉም እግር ከመኪና ስር ሲወጣ የእሱ አይታይም። በግቢው ሳልፍ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ አየው ነበር፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ።

አጃርካን ካረፈች በኋላ ቤቱን ዘጋው። አሁን ባሊክቺ ከተማ፣ ከታናሽ ወንድ ልጁ ጋር፣ ከባቡር ጣቢያው ኋላ ባለው ሰፈር ይኖራል።